ከእንጦጦ ማሰራጫ የሚወርድ ኢንተርኔት

ዲጂታል ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅን በአሐዝ ለውጦ ስለሚልክ፣ በዚያው ሞገድ ላይ መጽሐፍም፣ የትምህርት ቪዲዮም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም መጫን ይቻላል። አከራካሪው ሞገዱ ምን ያህል ተሸክሞ ለስንት ሰው ይበቃል የሚለው ነው።

በከፍታ በኩል እንጦጦን የሚያህል ቦታ በአዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ሲደርስ ቦሌ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ብልጫ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቢሆን የሬዲዮ አድማሱን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያርቀዋል። ማሰራጫ ከላይ ቢተከል ሲኤምሲና አያት ፊት ለፊት ይቀበሉታል። ፈረንሳይ ለጋሲዮንን የመሳሰሉ ከተራራው ሥር የተጠጉ የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ግን፣ ቅርብ ሆነው ሳለ፣ በተራራው ትከሻና በወንዞች ሸለቆ ሊጋረዱ ይችላሉ። የባሕር ዛፉም ደን የሞገዱን ጉልበት በመጠኑ ይቀንሳል።

አንድ ባለ 8 ሜጋኸርዝ ቻናል ዲቪቢ ቲ2 በተባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን ስልት በሰከንድ 40 ሜጋቢት ገደማ ይሸከማል። ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። 1,000 ቤቶች በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ገጽ ሲጠይቁ ግን ለእያንዳንዱ 40 ኪሎቢት ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህ ከድሮው የስልክ ሞደም እንኳ ያነሰ ነው። የሞባይል ድርጅቶች አንቴናቸውን በየሰፈሩ ዝቅ አድርገው የሚተክሉት ለዚህ ነው፤ ኮተቤ ላይ የሚያገለግለው ፍሪኩዌንሲ ሳሪስ ላይ ለሌላ ሰው ይሠራል። ከተማውን በሙሉ የሚያይ ማማ ይህን ማድረግ አይችልም። ለቴሌቪዥን በረከት የሆነው ከፍታ ለግል ኢንተርኔት ዕዳ ይሆናል።

ጥያቄው የሚመለስበት መንገድም ያስቸግራል። ማሰራጫው በኪሎዋት ሲናገር የእጅ ስልክ ጉልበት 0.2 ዋት ገደማ ነው፤ ስለዚህ የተጠቃሚው ጥያቄ በሞባይል ኔትወርክ በኩል መሄድ ይኖርበታል። ይህ ኔትወርክ በደንብ በሚሠራበት ሰፈር ደግሞ ማሰራጫውን የሚፈልገው ጥቂት ነው።

የአንድ አቅጣጫ ስርጭት ጠባይ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ «ፕላዝማ» የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲተላለፍ፣ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ተማሪው ሊጠይቀው አይችልም ነበር። ያ ጉድለት በአብዛኛው የመጣው ትምህርቱ እየተሰራጨ ሳለ ከመታየቱ እንጂ ከሞገዱ አልነበረም። ተቀባዩ መሣሪያ ማኅደረ ትውስታ ካለው ትምህርቱ ሌሊት ተከማችቶ መምህሩ በፈለገው ሰዓት ይከፈታል። ያው 40 ሜጋቢት በሰዓት 18 ጊጋባይት፣ በአንድ ሌሊት ስድስት ሰዓታት ውስጥ 108 ጊጋባይት ያወርዳል። ተቀባዩ አሥር ትምህርት ቤትም ሆነ አሥር ሺህ፣ የማሰራጫው ወጪ ያው ነው። እንጦጦ የሚመቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ብዙ ሰው አንድ ነገር ለሚፈልግበት አገልግሎት ነው።

ከዚህ የተለየው አማራጭ በባዶ የቴሌቪዥን ቻናሎች የሁለት አቅጣጫ ኢንተርኔት ማስተላለፍ ነው። ኬንያ ውስጥ በናንዩኪ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ተሞክሯል። ዘዴው ራቅ ላሉና ሕዝብ ለሳሳባቸው ገጠሮች እንጂ እንደ የካ ላለ የተጨናነቀ ክፍለ ከተማ አይመረጥም።

አንድ ተራ ነገር ይቀራል። የአዲስ አበባን ጣሪያ የሞላው ወደ ሰማይ የዞረ ዲሽ ነው። የምድር ስርጭትን ለመቀበል ወደ እንጦጦ የዞረ ሌላ አንቴናና አዲስ ሪሲቨር መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህ ወጪ ለትምህርት ቤት ቀላል፣ ለየቤቱ ግን ከባድ ነው።