ለብቻ በቤት ውስጥ መሥራት፦ ከቸርችል ጎዳና የተገኘ ልምድ

(በየቤታቸው ለብቻቸው ለሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች በተዘጋጀ የልምድ ልውውጥ ላይ፣ በባለሙያዎቹ ስም የቀረበ ንግግር)



እዚህ የቆምነው አሠልጣኞች ሆነን አይደለም። በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉ የአራዳ ሠፈሮች፣ አንዳንዶቻችንም ከዚያ ተነሥተን በሄድንባቸው የከተማዋ ዳርቻዎች፣ በየቤታችን ለብቻችን የምንሠራ ሰዎች ነን። ከመካከላችን ጥልፍ የምትጠልፍ አለች፤ ስፌት የምትሰፋ አለች፤ በብራና ላይ የሚሥል አለ፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥም አለች። ተቀጣሪ የለንም፤ ሸሪክም የለንም። ዕቃ ገዥው፣ ሠሪው፣ ሻጩና ሒሳብ ያዡ አንድ ሰው ነው። እርሱ የታመመ ቀን ሁሉም አብረው ይተኛሉ።

ቸርችል ጎዳናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አልፎ፣ ቁልቁል እስከ ለገሐር ይወርዳል። ለብዙ ዓመታት የአገር ጎብኚ ወደ ሀገሩ ይዞት የሚሄደውን ስጦታ የሚገዛው ከዚህ ጎዳና ሱቆች ነበር፤ ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ የእንጨት መስቀሉ፣ የብራና ሥዕሉ፣ ነጠላውና ጀበናው በየመስኮቱ ተደርድሮ ይታያል። መንገደኛው ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ የመጣ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ከዚያ መካከል ስንቱ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በአንድ ሰው እጅ እንደተሠራ እናውቃለን፤ የራሳችንን ሥራ በመስታወቱ ውስጥ አይተን፣ ዋጋውን አንብበን፣ ዝም ብለን አልፈናልና።

የዋጋውን ነገር እናንሣ። ለብቻው የሚሠራ ሰው በሒሳቡ ውስጥ የሚረሳው አንድ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ራሱ ነው። ለምሳሌ አንዲት እኅት የጠረጴዛ ልብስ ጠልፋ በ1,200 ብር ሸጠች እንበል። ጨርቁን በ600 ብር ነው የገዛችው። «600 ብር አተረፍኩ» ትላለች፤ እኛም ለዓመታት እንዲሁ ስንል ኖረናል። ነገር ግን ክሩ 150 ብር ወስዷል። ጨርቁን ለመግዛትና ሥራውን ለማድረስ ለታክሲ 80 ብር ወጥቷል። የቀረው 370 ብር ነው። ሥራው አራት ሙሉ ቀናት ከፈጀ፣ የቀን ድርሻዋ 92 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ላይ የመብራቱና የመርፌው፣ የዓይን መድከሙም አልተቀነሰም። እስቲ በሠፈራችሁ ለሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት በቀን ስንት እንደምትቀበል ጠይቁና አስተያዩት። እኛ ጠይቀን አፍረናል።

ይህን ካየን በኋላ ያደረግነው ነገር ዋጋን በድንገት መጨመር አልነበረም፤ እንዲያ ያደረገችው አንዲት እኅታችን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሱቆች አጥታለች። መጀመሪያ ያደረግነው መቁጠር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የጀመርንበትንና ያቆምንበትን ሰዓት በደብተር ጻፍን። ያን ጊዜ የትኛው ሥራ እንደሚያበላና የትኛው እንደሚበላን ታየን። ስፌት የምትሰፋዋ እናት ትልቁ መሶብ የኩራቷ ሥራ ነበር፤ ሲቆጠር ግን በሰዓት የሚያስገኝላት ከትንሿ ሙዳይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አሁን መሶብ የምትሰፋው ቀብድ ተከፍሏት ሲታዘዝ ብቻ ነው። ሙዳይ ግን ሁልጊዜ በእጇ አለ።

ገንዘቡንም መለየት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው የሽያጭ ገንዘቡ ከመቀነቱ ወደ ዳቦ፣ ከዳቦ ወደ ልጅ ደብተር ሲሄድ አይታወቀውም። ሁለት ቆርቆሮ አስቀምጡ፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የቤት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ብዙዎቻችን የሥራውን ገንዘብ በስልክ፣ የቤቱን በእጅ አድርገነዋል፤ ይህም ይሠራል። ዋናው ነገር በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሥራው ቆርቆሮ ወደ ቤቱ ቆርቆሮ የተወሰነ ገንዘብ ማሸጋገር ነው፤ ይህ ደመወዛችሁ ነው። ትንሽም ቢሆን የተወሰነ ይሁን። የሥራው ቆርቆሮ ያን ያህል መክፈል ካቃተው፣ ሥራው ሳይወድቅ በፊት ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ከሒሳብ ሁሉ የከበደንን እንናገር፤ ይሉኝታን። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሴት ከሆነች ይልቁንም፣ ለጎረቤት ሥራ ፈት ናት። «አንቺማ ቤት ነሽ» ተብላ የሰው ልጅ ትጠብቃለች፤ ቡና ትጠራለች፤ ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ በር ትከፍታለች። ለቅሶና ዕድር የማይቀር የአብሮ መኖር ዕዳ ነው፤ ከዚህ ሽሹ አንልም። ነገር ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሥራ ላይ መሆናችንን ለጎረቤቶቻችን ነግረናል። መጀመሪያ ሣቁብን። አንዷ በሩን ዘግታ ነጭ ጨርቅ ሰቀለች፤ ጨርቁ ካለ አይንኳኳም። አሁን ሠፈሩ ለምዶታል።

ዱቤም የይሉኝታ ልጅ ነው። ዘመድ «በኋላ እሰጥሻለሁ» ብሎ የወሰደው ነጠላ፣ ለመጠየቅ እያፈርን ሁለት በዓል ያልፋል። እኛ የተስማማንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ የታዘዘ ሥራ ያለ ቀብድ አይጀመርም። የቀብዱም መጠን ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ ይሸፍን። ደንበኛው ቢጠፋ እንኳ ያጣነው ጊዜያችንን ብቻ ይሆናል፤ ዕቃውም እጃችን ላይ ስለሚቀር ለሌላ ይሸጣል። ዘመድ ቢቀየምስ? ሁለት ሰዎች ተቀይመውናል። አንደኛዋ ተመልሳ መጥታለች።

ስለ ሱቆቹ በቅን ልብ እንናገር። ሱቅ በእኛ ዋጋ ላይ እጥፍ ሲጨምር ስናይ እንደ ዘረፋ የምንቆጥርበት ጊዜ ነበር። ይህ ፍርድ ትክክል አልነበረም፤ ባለሱቁ ኪራይ ይከፍላል፣ ግብር ይከፍላል፣ ጎብኚ በማይመጣበት ወራት ዕቃችንን ይዞ ይቀመጣል። ቅሬታችን ሌላ ነው፤ ያለ ወረቀት የሚደረግ አደራ። ከመካከላችን አንዲት እናት 14 አገልግል «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ለተባለችበት ሱቅ ሰጠች። የሱቁን ስም አንጠራም። ከአራት ወር በኋላ ብትሄድ የተረከባት ሻጭ ለቅቋል፤ አዲሱ ሻጭ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከ14ቱ ስድስቱ ተመለሱላት። የስምንቱ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመጣም። የሁለት ወር ተኩል ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማናችንም ብንሆን የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የእኛ ዋጋና ቀኑ በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ በሁለቱም ወገን ሳይፈረም አናስረክብም። «አታምኚኝም ወይ?» የሚል ባለሱቅ ይኖራል። መልሳችን «ሻጭ ይለወጣል» የሚል ነው፤ ይህን ሰምቶ የተቆጣ አላጋጠመንም።

የእኛ ሥራ ወቅት አለው፤ ወቅቱንም የሚያውጀው የበዓላቱና የአጽዋማቱ ዘመን ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ስለዚህ የሐበሻ ልብስ የሚጠልፍ ሰው ትእዛዙ በታኅሣሥ ይጎርፍበታል፤ በጥር ሰርጉ ይከተላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀናት ሰርግ የለም፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ጨርቅና ክር የምንገዛው ሁሉም በሚገዛበት በታኅሣሥ ነበር። ስንደዶም እንዲሁ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ተለቅሞ በሚመጣበት ጊዜ የሚገዛና በሰኔ የሚፈልገው ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ቀድሞ ለመግዛት ግን ገንዘብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ እቁብ ረድቶናል። ዕጣ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ መለዋወጥ ግን ይቻላል። ለልጆቿ ትምህርት ቤት በመስከረም ገንዘብ የምትሻ እናት አለች፤ እኛ ደግሞ በኅዳር እንሻለን። ከዳኛው ጋር ተነጋግረን ተራችንን ለውጠናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንጨምር። እቁቡን ከደመወዛችሁ ክፈሉ እንጂ ከሥራው ቆርቆሮ አትክፈሉ። ጨርቅ መግዣውን እቁብ ጥሎ በሥራ ወቅት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው በመካከላችን አለ፤ አሁንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይሥቃል።

ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ የሆነውን ማንም አልረሳውም። ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ ሠፈሮች ለመልሶ ማልማት ተነሡ፤ ከእኛም አንዳንዶቹ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄዱ። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጀው እናታችን አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ ውኃና መጸዳጃው በውስጡ ነው። ሥራዋ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ቆመ። በርበሬ ስታምስ ደረጃው በሙሉ ሳለ፤ ጎረቤቶችም በትሕትና ነገሯት። ከዚያ የባሰው ግን ደንበኞቿን ማጣቷ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የሸጠችላቸው ሰዎች የሚያውቋት በበሯ ነበር፤ ስልካቸውን አልያዘችም፤ ስማቸውን እንኳ የምታውቀው የጥቂቱን ነው።

ምን አደረገች? በየእሑዱ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ተመለሰች። የቀድሞ ሠፈርተኞች፣ ሩቅ የሄዱትም ጭምር፣ ለቅዳሴ ወደዚያ ይመጣሉና። ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ አጠገብ እየቆመች አንድ በአንድ አገኘቻቸው፤ ስልካቸውንም በልጅ ደብተር ላይ እየጻፈች በሁለት ወር 43 ስም ሰበሰበች። ማመሱን ኮሙናል በሚባለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ውስጥ እንድታደርገው ከነዋሪዎቹ ኮሚቴ ጋር ተስማማች። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ትእዛዝ በስልክ ትቀበላለች፤ በሁለተኛው እሑድ ወደ ፒያሳ ይዛ ትመጣለች። ገቢዋ የቀድሞውን ያህል አልሆነም፤ ይህን መሸሸግ አንፈልግም። የታክሲው ወጪ ከባድ ነው። ግን ሥራው የእርሷ ነው፤ ዳግመኛ ቤት ብትቀይር ደብተሩ አብሯት ይሄዳል። ሌሎቻችንም በዚያው ሳምንት የደንበኞቻችንን ስልክ መጻፍ ጀምረናል።

ስለ ፈቃድ ብዙ አንልም። ጥቃቅን ተቋም ለመባል የግድ መደራጀት ያስፈልጋል የሚል ወሬ አለ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ጥቃቅን የሚባለው ባለቤቱንና ቤተሰቡን ጨምሮ እስከ አምስት ሰው የሚሠራበት ነው፤ አንድ ሰውም ከአምስት በታች ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል፤ ይህ ለአብዛኞቻችን ገና ሩቅ ነው፤ ግን እንዳለ እወቁ። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ከጎረቤት የሰማችሁትን የድሮ ወሬ ትታችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሒሳቡን የጻፈ ሰው ሲጠየቅ የሚያሳየው አለው፤ ያልጻፈው በግምት ይተመንበታል።

በውጭ ሀገር ካሉ ወገኖቻችን ትእዛዝ የምትቀበሉ ካላችሁ፣ ዋናው ፖስታ ቤት እዚያው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። የጥቅል ዋጋ በክብደትና በሚሄድበት ሀገር ይለያያል፤ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ዕቃውን ከነመጠቅለያው አስመዝኑ። የብራና ሠዓሊያችን ከነክፈፉ ለሚልከው ሥዕል የመላኪያውን በግምት ተናግሮ ትርፉን በሙሉ ለቴምብር ከፍሏል። አሁን ያለ ክፈፍ፣ ጠቅልሎ ነው የሚልከው፤ ክፈፉን ተቀባዩ እዚያው ያሠራል።

ንግግራችንን በዚህ እናበቃለን። ደብተሮቻችንን ይዘን መጥተናል፤ በመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የሁለት ዓመት ሒሳብ አለባቸው፤ ስሕተቱንም አልሰረዝነውም። ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ መሥመሩን እንዴት እንዳሰመርን ቅዱ፤ ያልገባችሁን ጠይቁን። ለሱቆቹ የምንሸጥበትን ዋጋ ግን ለሱቆቹ ጎረቤቶች እንዳትነግሩብን አደራ።