መጽሐፍ ለመደርደር ማስተርስ?



በቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስብ ሰው «መጽሐፍ ለመደርደር ደግሞ ማስተርስ ምን ይሠራል?» መባሉ አይቀርም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ቤተ መጻሕፍት አይሆንምና ነገሩ ለደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋም የቤት ጉዳይ ሆኗል።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ተማሪው የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፈልጎ ኮምፒውተሩ ላይ «ሀዲስ» ብሎ ይጽፋል። መዝጋቢው «ሐዲስ» ብሎት ከሆነ፣ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ «የለም» ሊባል ይችላል። በፈረንጅ ደንብ የአባት ስም ቀድሞ «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ተብሎ ከተመዘገበማ ፍለጋው ባሰ! ይህን የሚያቃና ሰው ደርዳሪ ብቻ አይደለም።

ደግሞስ መጽሐፍ መሰብሰብ ለዚህ አገር መች አዲስ ሆነና? አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ ብራና አከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ የእንግሊዝ ጦር ዘረፈው፤ 350 ያህሉ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ስለዚያ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ጥናት ያሳተሙት ሪታ ፓንክረስት ናቸው። ሙያቸውም ይኸው ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል።

እንግዲህ ልማር ወይስ ልተው ለምትሉ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ በዩኔስኮና በካናዳ ድጋፍ፣ ለአፍሪካ ታስቦ የተከፈተ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ነበረው፤ ዛሬ ሙያው ኢንፎርሜሽን ሳይንስ በሚል ስም ይሰጣል። ስሙ ሰፊ ነውና ከማመልከታችሁ በፊት የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ፤ ካታሎግና የመዛግብት አያያዝ ምን ያህል እንዳለበት እዩ። አሠሪያችሁ የሚልካችሁ ከሆነ ደግሞ ደመወዙ መቀጠሉንና ተመልሳችሁ የምታገለግሉበትን ዓመት በጽሑፍ ሳትይዙ አትፈርሙ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለደረጃ እድገት ብቻ ከሆነ አትቸኩሉ፤ ወረቀቱ ብቻውን አያኮራም። በሥራችሁ ላይ አላፈናፍን ያለ፣ እንደዚያ «ሀ» እና «ሐ» ያለ ችግር ካገኛችሁ ግን ለመግቢያ ፈተናው ተዘጋጁ። ችግሩን ይዞ የገባ የመመረቂያ ርዕስ አይቸግረውም፤ ሲመለስም የሚጠብቀው ሥራ አለ።