ቁራጭ ወረቀትና የቤት ማዕዘን

ዛሬ እርሳሱን ተዉትና አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዙ። ዳሩ የተቀደደ ቢሆንም ግድ የለም።

ወረቀቱን አንዴ እጠፉት። እጥፋቱን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ቀጥ ያለ መስመር ወጣ አይደለም? አሁን የመስመሩን አንዱን ወገን በሌላው ላይ ልክ አጋጥማችሁ እንደገና እጠፉ። እጥፋቶቹ የተገናኙበት ጫፍ ቀጤ ማዕዘን ይባላል።

ወረቀቱን ዘርጉትና ቁጠሩ። በአንድ ነጥብ ዙሪያ አራት እኩል ማዕዘኖች አሉ። ሙሉው ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ 90 ዲግሪ ነው።

ቤት ለመሥራት ችካል ቸክላችሁ ገመድ ስትወጥሩ፣ ወረቀቱን መልሳችሁ አጥፋችሁ ገመዶቹ በሚገናኙበት አስጠጉት። ማዕዘኑ ከተንጋደደ የጣራው ቆርቆሮ አይገጥምም። ገመድ ማቃናት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ ግን ኪሳራ ነው። በሉ፣ ደኅና ዋሉ።