ፓስታ በቤታችን፣ በራሳችን ስንዴ

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ፓስታ ነው። ስትስቁ አይቻለሁ፤ ሳቁ፣ ግን ሒሳቡን አብራችሁኝ አስቡት።

መኸር ሲገባ፣ ዋጋው ዝቅ ባለበት ጊዜ፣ ስንዴያችንን ለነጋዴ እንሸጣለን። ከዚያ ልጆች ሲጠይቁን ወይም እንግዳ ሲመጣ እሽግ ፓስታ ከሱቅ እንገዛለን። እሽጉ ውስጥ ያለው የስንዴ ዱቄት ነው። ከፋብሪካ እስከ ደረስጌ ያለውን የመኪና ኪራይና የየመንገዱን ትርፍ የምንከፍለው እኛ ነን። ክረምት መንገዱ ሲበላሽማ እሽጉም አይገኝም።

ፓስታ የእኛ ምግብ አይደለም የሚል አለ። እውነት ነው፤ ስሙ ከነፉርኖው፣ ከነስጎው፣ ከነፎርኬታው የጣሊያን ነው። ጣሊያን በ1928 ጎንደር ገባ፣ ሊማሊሞን ቆርጦ መንገድ አወጣ፣ በኅዳር 1934 ተሸንፎ ወጣ፤ ምግቡ ቀረ። ስንዴው ግን የእኛው ነው። ለፓስታ የሚመረጠው ጠንካራ ስንዴ፣ ባለሙያዎች ዱረም የሚሉት፣ በአገራችን ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ ነው። ፍሬውን በጥርሳችሁ ስበሩት፤ ውስጡ መስታወት ከመሰለ እሱ ነው፣ እንደ ኖራ ከነጣ ለዳቦ ይሁን። ገብሳችን ለዚህ አይሆንም፤ ለብቻው ሊጡ አይያያዝም።

ዱቄቱን በጠባብ ወንፊት ንፉት። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ጥቂት በጥቂት ጨምሩት። እርሾ የለውም። ሊጡ ከዳቦ ሊጥ መጠጠር አለበት፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃው በዝቷል። ሩብ ሰዓት ያህል አሹትና እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ማሳረፉን አትዝለሉ፤ ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት ተመልሶ ይሰበሰባል። ከዚያ በመዳመጫ፣ ከሌለም በንጹሕ ጠርሙስ ስስ አድርጋችሁ ዳምጡት፣ ዱቄት ነስንሳችሁ ጠቅልሉት፣ በቢላ ቁረጡት። በፍስክ ቀን በውሃው ፈንታ ለመቶ ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ይገባል፤ በዚያ ጊዜ የሱቁ ፉርኖ ዱቄትም ይሆናል። በጾም የውሃውን በምስር ወይም በቲማቲም ስጎ እንበላለን።

ማሽን የግድ አይደለም። በደቡብ ጣሊያን ባሪ በምትባል ከተማ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ በቢላና በአውራ ጣት ብቻ፣ ትንንሽ ጆሮ የመሰለ ፓስታ ሠርተው እዚያው ለአላፊ አግዳሚ ይሸጣሉ። ሊጡን እንደ ገመድ ያድቦለቡሉታል፣ ይቆርጡታል፣ በቢላ ጎትተው በአውራ ጣታቸው ላይ ይገለብጡታል። መሶብ ለሚሰፋ እጅ ይህ ጨዋታ ነው።

እኔን ከሁሉ የሳበኝ ማገዶው ነው። ደጋ ላይ ውሃ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በደባርቅ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ፣ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ። ስለዚህ ደረቁ ፓስታ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ እሳት ይበላል። እርጥቡ ስስ ተደርጎ ከተቆረጠ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እንጨቱን የምትሸከመው ማን እንደሆነች ለእናንተ አልነግርም።

አንዳንዶቻችሁ ከተዘዋዋሪ ብድሩ ወስደን፣ እያደረቅን እንሽጥ ብላችኋል። እኔ ዘንድሮ አልደግፍም። ፋብሪካ የሚያደርቀው ሙቀቱንና እርጥበቱን ተቆጣጥሮ ነው። ቶሎ የደረቀ ይሰነጠቃል፣ የዘገየ ይሻግታል፤ የእኛ አየር ደግሞ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው። እርጥቡን ግን በዕለቱ ሠርቶ በዕለቱ መሸጥ ይቻላል፤ ለገበያ ቀን፣ ለሻይ ቤት፣ ለድግስ በትእዛዝ።

መጀመሪያ አምስት ሴቶች ለሁለት ወር በእጃቸው ይሥሩ። ዱቄቱን፣ ማገዶውን፣ የሠሩበትንም ሰዓት በደብተር ይጻፉ። ድካማችንን በነፃ ቆጥረን አተረፍን የምንለው ነገር ይቅር። ማሽን እንግዛላችሁ ያላችሁን እንግዶቻችንም፣ እግዜር ይስጥልን፤ ደብተሩን እስክናሳያችሁ ታገሡን።

እኔ ስናገር ሊጡ አርፏል። እጃችሁን ታጠቡና ወደ ገበታው ቅረቡ፤ መዳመጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ ተራ ያዙ።