የተቃጠለው ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትራፓኖ ነው። ትራፓኖ ማለት ብረትና እንጨት የሚበሳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ድሪል የሚሉትም አሉ። ትራፓኖ የሌላችሁም ብትሆኑ አዳምጡ። ጎረቤታችሁ ትራፓኖውን ሲያስነሳ ራዲዮናችሁ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በሐዲያ ዞን፣ በሻሾጎ ወረዳ፣ በቦኖሻ ከተማ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ባለሙያ አለ እንበል። ጠዋት ትራፓኖውን ሶኬት ላይ ሰካ። ገና ቃታውን ሳይስብ ፊውዙ ጧ አለና መብራት ጠፋ። ፊውዙን መልሶ ሞከረ። አሁንም ጠፋ። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ መሣሪያውን ለብረት ገዢ በኪሎ ይሸጠዋል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ቃታው አልተሳበም። ቃታው ካልተሳበ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ዘንድ አልደረሰም። ታዲያ ሞተሩ በምን ጥፋቱ ይከሰሳል? ጥፋቱ ያለው ከሶኬቱ እስከ ቃታው ባለው መንገድ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ገመዱ እና ካፓሲተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ።

(በነገራችን ላይ ቃታ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይን የተባለ የጀርመን ፋብሪካ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መብሻ የሠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ነው። እንደ ሽጉጥ እጀታና ቃታ ላለው መብሻ የፈጠራ መብት ያገኘው ግን ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ይኸውም በ1917 ነው።)

ሌላ ዓይነት ብልሽት ሲሆን ምልክቱም ሌላ ነው። ትራፓኖው ከተንተፋተፈና ብልጭታ ካበዛ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። ቃታውን በቀስታ ስትስቡት በቀስታ መዞር ሲገባው በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ከተነሳ ደግሞ፣ ቃታው ውስጥ ያለው ትራያክ የሚባለው ዕቃ ተበላሽቷል። ትራያኩ ብዙውን ጊዜ ታሽጎ ስለሚሠራ ቃታውን በሙሉ መለወጥ ይቀላል። ፊውዝ የሚጥለው ቃታው ሲሳብ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ሞተሩ ስለሚሄድ ለባለሙያ ስጡት።

አሁን ወደ ቦኖሻው ሰው እንመለስ። በመጀመሪያ ትራፓኖውን ከሶኬት ይንቀል። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ስለዚህ ከተነቀለ በኋላም የሶኬቱ ጥርሶች ሊነዝሩት ይችላሉ። ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያም የዱሮውን ክር ያለው አምፖል ሁለት ሽቦዎች ጥርሶቹ ላይ ለአፍታ ያስነካ። የቀረው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ያልቃል።

ቀጥሎ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ እጀታውን ይክፈት። ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት በሞባይሉ ፎቶ ያንሳ። የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ኋላ የሚነግረው ፎቶው ነው። ገመዱ በሚገባበት አካባቢ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ፣ ቢጫ ወይም ግራጫ፣ ሁለት እግር ያለው ዕቃ ያገኛል። ካፓሲተሩ ይህ ነው። ሥራው ሞተሩ የሚያስነሳውን ረብሻ ወደ መስመሩ እንዳይወጣ ማፈን ነው። ሲያረጅና ሲደክም ራዲዮ ይንጫጫል። ሲሞት ደግሞ አንዳንዴ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኝና ፊውዝ ይጥላል።

ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ተገኘ ማለት ነው። ካልታወቀ አንዱን እግር ከቦታው ይንቀልና በቴስተር ይለካው። ቴስተሩ ጢጥ ብሎ ካላቆመ ካፓሲተሩ ሞቷል። ጢጥ ካላለ ገመዱን፣ በተለይም የሚታጠፍበትን ቦታ ይመርምር።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሞተውን ካፓሲተር አትጣሉት! ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለ። ፊደሎቹ ደቃቅ ቢሆኑም በሞባይል ፎቶ አንስታችሁ ስታሰፉት ይነበባሉ። 104 የሚል ቁጥር ይኖራል እንበል። 10 ጽፋችሁ ከኋላው 4 ዜሮ ጨምሩ ማለት ነው፤ 100,000 ይሆናል። መስፈሪያው ፒኮፋራድ ይባላል። 224 ከሆነ 22 እና 4 ዜሮ ነው። ከዚያም 275 የሚል ቁጥርና አጠገቡ የማዕበል ምልክት (~) ይኖራል። በመጨረሻም ኤክስ 2 የሚል።

ይህን የያዘ ሰው ከቦኖሻ ሆሳዕና ሄዶ ሱቅ ሲገባ እንዲህ ይነጋገራል።

«ወንድሜ፣ 104 ካፓሲተር አለህ?»

«አለ ጋሼ፣ ይኸው። እንዲያውም የ400 ቮልት ነው። ከ275 ይበልጣል፤ ይሄ ይሻላል።»

«የማዕበል ምልክቱ የታለ? ኤክስ 2 የሚለውስ?»

«እሱ የለበትም።»

«እንግዲያው አይሆነኝም።»

ልክ ነው፣ አይሆነውም። 400 ከ275 ይበልጣል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የማዕበል ምልክት የሌለው 400 የሚናገረው እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ኤሌክትሪክ ነው። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 220 ቮልት የምንለውም በጫፉ ላይ እስከ 311 ቮልት ይወጣል። በዚያው መስመር የብየዳ ማሽን የሚሠራ ከሆነ ከዚያም በላይ የሚዘል ግፊት ይመጣል። ኤክስ 2 የተባለው ካፓሲተር ይህን እንዲችል፣ ቢሞትም እሳት እንዳያስነሳ ሆኖ የተሠራ ነው። ተራው ካፓሲተር በእጃችሁ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚህ የሚብስም አለ። በአንዳንድ መሣሪያ ከሽቦው ወደ ብረቱ አካል የሚሄድ ካፓሲተር አለ። እሱ ላይ የሚጻፈው ዋይ 2 ነው። በዚህ ቦታ ተራ ካፓሲተር ገብቶ ሽቦና ብረት ቢያገናኝ፣ ኤሌክትሪኩ መሣሪያውን የጨበጠውን ሰው ያገኘዋል። በኤክስ 2 እንኳ አይተካም። ዋይ 2ን በዋይ 2 ብቻ ለውጡ።

ትክክለኛው ካልተገኘ የመኪናው ገንዘብ ከሰረ ብላችሁ የተገኘውን አትግዙ። ኤክስ 2 የነበረበትን ቦታ ባዶ ትቶ ጫፎቹን በደንብ በፕላስተር መሸፈን ይሻላል። ሞተሩ ያለ እሱም ይዞራል። የሚጮኸው የጎረቤት ራዲዮ ነው።

ከተገኘ የትኛውም እግር በየትኛውም በኩል ቢገባ ለውጥ የለውም፤ ይህ ዓይነቱ ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የለውም። በሊድ በደንብ ይበየድ፤ እግሮቹ እርስ በርስም ሆነ ከብረት እንዳይነኩ ይሸፈኑ። የብረት ብናኙም በብሩሽ ይጠረግ፤ ብናኝ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

እጀታው ተገጥሞ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ትራፓኖው በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰካ። በአንዱ ሽቦ መካከል ባለ 100 ዋት ክር ያለው አምፖል ይግባና በዚያ በኩል ይሞከር። ቃታው ሳይነካ አምፖሉ ቦግ ካለ ጥፋቱ አሁንም አለ፤ ይነቀልና እንደገና ይፈተሽ። አምፖሉ ካልበራ አምፖሉን አውጥቶ ትራፓኖውን ሶኬት ላይ ይሰካና ቃታውን በቀስታ ይሳብ።