ዕርቅ ከችሎት በፊት
(በጥያ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በጥያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት 36 ሲሆኑ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ይሁን እንጂ አባቶች ያወረሱን የሰይፍ ሥዕል ብቻ አይደለም። የክስታኔ ሕዝብ የጎርደና ሴራ አለው፤ ሴራ ማለት በአገሩ ቋንቋ ሕግ ማለት ነው። ሰባት ቤት ጉራጌም የጆካ ሸንጎ አለው። በእነዚህ ሥርዓቶች የተጣሉት ይሰማሉ፤ የበደለ ይክሳል፤ የተበደለ ይቅር ይላል።

ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ የመጨረሻ ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ድርድር ነው፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ይነጋገራሉ። ሁለተኛው ዕርቅ ነው፤ ሽማግሌው በመካከል ገብቶ ያቀራርባል እንጂ አይፈርድም። ሦስተኛው የግልግል ዳኝነት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በመረጡት ዳኛ ለመዳኘት በጽሑፍ ይስማማሉ፤ የተወሰነውም ያስራቸዋል። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እናደባልቃለን። ስለዚህ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት «የምትፈልጉት ምክር ነው ወይስ ፍርድ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ምንጭ ተጣሉ እንበል። ሁለቱም «የእኔ ነው» ይላሉ። ዳኛ ለአንዱ ቢፈርድ ሌላው ተረትቶ ይሄዳል። ብልህ ሽማግሌ ግን «ውኃውን ለምን ትፈልገዋለህ? በየትኛው ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ጠዋት ከብቱን፣ ሌላው ማታ ጎመኑን የሚያጠጣ ከሆነ ሁለቱም ሳይረቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3307 ሁለት ወገኖች እርስ በርስ አንዳንድ ነገር ትተው ክርክራቸውን የሚጨርሱበትን ውል ያውቃል፤ በቁጥር 3312 መሠረትም ውሉ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቷል። አዋጁ የወንጀልና የመሬት ጉዳይ በግልግል ዳኝነት እንዳይወሰን ይከለክላል።

ወገኖቼ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ደካማው ዝም ሲል «ታረቀ» ማለታችን ነው። የሟች ባሏን ወንድሞች ፈርታ አንገቷን የደፋች መበለት አልታረቀችም። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የሴቶችን የጋብቻና የፍቺ መብት ጥያቄ ይዛ በየጆካ ሸንጎ ፊት የቆመችው፣ ሸንጎው የሴቶችን ድምፅ ስላልሰማ ነበር። እንዲሁም ልጃገረድ ተጠልፋ «ያግባትና ይታረቁ» የሚል ሽማግሌ ይሳሳታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ስላገባት ብቻ ከቅጣት እንዲያመልጥ አይፈቅድም። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እርስ በርሳቸው በመካሰሳቸው ወቅሷቸዋል። ነገር ግን በደልን እንድንሸፍን አላዘዘንም።

እንግዲህ አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሁለቱም ወገኖች ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው ይምረጡ። ሴቶችም በሽማግሌነት ይቀመጡ። ስምምነቱ ተጽፎ፣ በምስክር ፊት ተነቦ ይፈረም። እህልና ዘር የምታከፋፍሉ ሠራተኞች ደግሞ በተረጂዎች ጠብ ሽማግሌ አትሁኑ፤ ከእጃችሁ የሚቀበል ሰው እውነተኛ ሐሳቡን በፊታችሁ ለመናገር ይፈራልና።

የተበደለው ሰው አፉን ሞልቶ ተናግሮ፣ ወዶ እጁን ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ ዕርቅ ወርዷል እንበል።