የበለዘ ጥርስ፣ የአፍ መጉመጥመጫና የጉድጓድ ውኃ
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ገለጻ



በስምጥ ሸለቆ ባሉ አጥቢያዎች ስንዘዋወር ስለ ልጆች ጥርስ እንጠየቃለን። ጥርሳቸው የበለዘባቸው ልጆች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ወላጆችም ጥርሱ እንዲነጣ በማለት ከመድኃኒት ቤት የአፍ መጉመጥመጫ ይገዛሉ፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድም በሻንጣው ይዞላቸው ይመጣል። ዛሬ ስለዚህ ጠርሙስ እንድንነጋገር የፈለግነው፣ በብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ያንኑ ጥርስ ካበለዘው ጋር አንድ በመሆኑ ነው። ስሙ ፍሎራይድ ይባላል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን የሕፃኑ ጥርስ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ፍሎራይድ በብዛት ወደ ሰውነቱ ከገባ፣ የጥርሱ ሽፋን ተበላሽቶ ይሠራል። ነቁጡ ያለው በሽፋኑ ውስጥ ስለሆነ በመጉመጥመጥ አይለቅም፤ በመፋቂያም ቢታሽ አይለቅም። ይህን ለወላጆች በግልጽ መንገር ይገባል፤ ገንዘባቸው በከንቱ እየወጣ ነውና።

መንግሥታት ይህን ጠርሙስ እንዴት እንደሚቆጣጠሩት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ፍሎራይድ ያለው መጉመጥመጫ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ የአፍን ጠረን ብቻ የሚያሳምረው ግን መዋቢያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ፍሎራይድ ያለውም ቢሆን በመዋቢያ ሕግ ይገዛል፤ ለአፍ በሚውሉ ምርቶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ0.15 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትንም መዋቢያንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ግን በዚህ በር አያልፍም፤ ከጽሑፉ በቀር ጠባቂ የለውም፤ ጽሑፉም በባዕድ ቋንቋ ነው።

በአሜሪካው ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ «ሶዲየም ፍሎራይድ 0.05 በመቶ» የሚል ይገኛል። ሶዲየሙ ሲቀነስ ፍሎራይዱ ብቻውን 0.0226 በመቶ ያህል ነው። ትእዛዙ 10 ሚሊ ሊትር ለአንድ ደቂቃ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ከዚያም ለ30 ደቂቃ አለመብላትና አለመጠጣት ነው። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ምክንያቱም ሕፃን መትፋቱን ትቶ ይውጠዋል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፍሎራይድም በጠቅላላው ከ120 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ደንቡ ይከለክላል። ግማሽ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 113 ያህል ስለሚሆን ወደ ወሰኑ በጣም ይጠጋል። (መትፋት ግድ ስለሆነም፣ ከቅዱስ ቁርባን በኋላ የሚጠቀምበት ምእመን እንዳይኖር ካህናት ብታሳስቡ መልካም ነው።)

አሁን ሒሳቡን ከውኃው ጋር እናስተያየው። አንድ ልጅ 10 ሚሊ ሊትሩን ቢውጠው 2.26 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የአገራችንም የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጉድጓዱ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ቢኖረውና ልጁ በቀን አንድ ሊትር ቢጠጣ፣ መጉመጥመጫውን ሁለት ጊዜ ከመዋጥ የበለጠ ፍሎራይድ ይወስዳል፤ ያውም በየቀኑ። በጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ በጉድጓዱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ጣዕሙም ሽታውም አይለወጥም። ለብዙ ዓመታት የጠጣውን ሰው አጥንት ግን ያደርቃል፤ ወገቡም አልታጠፍ ይላል። የወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ይህን ያውቁታል፤ የእነርሱ ሕመም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ በሐኪሞች ተጠንቷል።

ብዙዎች «አፍልተን እንጠጣለን» ይሉናል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ ውኃው በተነነ መጠን የቀረው እንዲያውም ይበረታል። በአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ ሆኖም ከሰሉ ጊዜው ሲደርስ ካልተለወጠ ማጣሪያው ለስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመትከል አስቀድሞ ከሰሉን የሚለውጥ ሰውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይወሰን።

የእኛ አሳብ ከዚህ ይቀላል። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሰፊ ነው። 200 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብበት እስከ 2,000 ሊትር ውኃ ይሰጣል፤ የዝናብ ውኃ ደግሞ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው እጥበት ተለይቶ ይፈስሳል፤ ቀሪው በተከደነ ጋን ወይም ታንከር ተጠራቅሞ ከተሕዋስያን እንዲጠበቅ ይታከማል። ለሁሉም ባይበቃ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መጠጥና ምግብ ማብሰያ ይቀደም፤ ለልብስና ለከብት የጉድጓዱ ውኃ ይበቃል።

ሰበካ ጉባኤያት ከሁሉ በፊት የምትጠቀሙበትን ጉድጓድ የምርመራ ውጤት ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ፍሎራይዱ ያልተለካ ከሆነ እንዲለካ በደብዳቤ አመልክቱ። የውጤቱ ቅጂ በጸሐፊው መዝገብ ይቀመጥ፤ ቁጥሩም ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ስፍራ በጉልህ ይጻፍ።